ከአርባው በፊት ያለቀው ቪዛ

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው፤ ያለ ቪዛ የሚያስገባው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሚባለው ገና አልመጣም። አየር ማረፊያ በተሰለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አባቴ ሞተ ሲሉኝ ከስዊድን መጣሁ። ተወልጄ ያደግሁት መሐል ሜዳ አጠገብ ቢሆንም፣ ፓስፖርቴ የስዊድን ስለነበር የአንድ ወር የጎብኚ ቪዛ ተመታልኝ። ጎብኚ ተብዬ የአባቴን ለቅሶ ልቀመጥ ገባሁ።

ያን ሰሞን የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው። ጉሙ ጠዋት ከገደሉ ተነሥቶ ደጃችን ድረስ ይመጣል። ለቀስተኛው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል፤ አልቅሶ፣ ትንሽ ተቀምጦ፣ ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ይገባል። እኔ እናቴ ጎን በአባቴ በርኖስ ተጠቅልዬ እተኛለሁ። ስነቃ ማለዳ ይሁን ማታ አላውቅም። በጎቹ ሲጮኹ አባቴ እየመለሳቸው ይመስለኝና ደስ ይለኛል፤ ከዚያ መሞቱ ትዝ ይለኛል።

ቪዛዬ ሊያልቅ መሆኑን ለአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ለጋሼ ደምሴ ነገርኳቸው።

«አርባው ሳይወጣ የት ይኬዳል?» አሉኝ። ነገሩ በዚሁ ተቋጨ። እውነት ለመናገር እኔም መሄዱን አልፈለግሁትም።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ቪዛዬ አልፎ በመቆየቴ ኢሚግሬሽን ይቅርታ ልጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ስነሣ፣ ጋሼ ደምሴ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ። እስከ ጣርማ በር በጉም ውስጥ ተጓዝን። የገንዘብ ቅጣቱ አላስጨነቀኝም። ሁለተኛ እንዳልገባ ቢከለክሉኝስ? እናቴ ብቻዋን ቀርታለች።

የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ ወጣት ነው። ፓስፖርቴን አገላብጦ፣ «ቀኑ አልፏል እኮ። ለምን ቆዩ?» አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ደምሴ ከበርኖሳቸው ሥር ድንጋይ አውጥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ተንበረከኩ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። ድንጋዩን ከአገር ቤት ይዘውት ይምጡ፣ ከበር ላይ ያንሡት፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

«ያጠፋነው እኛ ነን፣ ጌታዬ። ወንድሜን ቀብረን፣ ልጁን አርባው ሳይወጣ አንለቅም ብለን ነው። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሏት» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየናል። ወጣቱ ከመስኮቱ ኋላ ዞሮ ወጣና ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻቸው አወረደ።

«ይነሡ አባቴ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር። ቅጣቱን ትከፍላለች፤ ሕጉን እኔ አልሽረውም። እንዳትመለስ ግን የሚከለክላት የለም።» ደግፎ ካስነሣቸው በኋላ ጠየቃቸው፦ «እኅታችን ለሙት ዓመቱስ ትመጣለች?»

«ከፈቀዳችሁላት» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ የጉልበታቸውን አቧራ እያራገፉ።

ለሙት ዓመቱ ገባሁ። ያቺ «ከፈቀዳችሁላት» ያሏት ቃላቸው ግን ዛሬም ሆዴን ታባባዋለች። ወደ አባቷ ቤት እንድትገባ ሽማግሌ ተንበርክኮ የለመነላት ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ያመኛል።