የስክሪኑ ሹፌር

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር የአንድ ደንበኛ ላፕቶፕ መጠገን ነበር። ሰባተኛ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቃችን እሱ ይጠግናል፤ እኔ ቻርጀርና ማውስ እሸጣለሁ። የዚያ ላፕቶፕ ስክሪን ፊደሉን ሁሉ አግዝፎና አደብዝዞ ያሳይ ነበር።

«ስክሪኑ ይቀየር?» አልኩት።

«ስክሪኑ ደህና ነው፤ ድራይቨሩ ጠፍቶ ነው።»

«ላፕቶፕም ሹፌር አለው?»

«ታዲያ ማን ሊነዳው ነው፣ እትዬ?» ብሎ አሾፈብኝ። ድራይቨር የሚሉትን፣ ስክሪኑን የሚያዘውን ፕሮግራም ሲጭንለት ስክሪኑ ጨለመ፤ ተመልሶ ሲበራ ፊደሉ ጥርት ብሎ ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ሱቁን ልዘጋ ወስኜ ዕቃ ስሰበስብ፣ ውጭ አንድ የጭነት መኪና ተነሳና የናፍጣ ሽታ ገባ። ልጅነቴ መጣብኝ። አትክልት ተራ፣ የአባቴ ቲማቲም መኪና ላይ እንደተጫነ ሹፌሩ ታሞ ቀርቷል። ቲማቲሙ በፀሐይ ፈርጦ ውኃው ይንጠባጠባል። አባቴ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ለምኖ አመጣ። ሰውየው ጋቢና ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ያ ቤት የሚያህል ብረት ተንቀጠቀጠ፤ መሬቱም ከእግሬ ሥር አብሮ ተንቀጠቀጠ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«አባዬ፣ መኪናው ሞቶ አልነበር እንዴ?»

«ብረት አይሞትም፣ ልጄ። የሚያውቀው ሰው አጥቶ ነው።»

ያኔ ነገሩ በግማሽ ነበር የገባኝ፤ ቀሪው ግማሽ የገባኝ ሱቁን ልዘጋ ዕቃ ስሰበስብ ነው። የሰበሰብኩትን ዕቃ መልሼ መደርደሪያው ላይ ደረደርኩ። ጥገናውን ከባለቤቴ ጓደኛ እየተማርኩ ነው። አሁን ሱቁን በየጠዋቱ እኔ እከፍታለሁ።