የእስቴ ሁለት ጉብታዎች

ከደብረ ታቦር የተነሣሁት በታኅሣሥ፣ ማለዳ ነው። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በእግር ለሚጓዙ ጎብኚዎች የምትሆን ትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው፤ ከመንገዶቹ የእስቴው ለእኔ ደረሰኝ። ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ሁለት ጉብታዎች አሉ። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነበር፤ በየትኛው እንደሆነ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ይናገራል። በእርግጥ ያውቃሉ የሚባሉት የኔታ ብቻ ናቸው። ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው። በጣም ደክመዋል ሲባል ሰምቼ፣ ሳልቀደም ልድረስ ብዬ ተጣደፍኩ።

አቧራው

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ በቦምቦሊኖ ቀምሼ ተሳፈርኩ። በጎኔ ያለው የአውቶቡሱ መስኮት አልዘጋ አለ። አቧራው ሲብስብኝ ነጠላዬን ገልብጬ እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ። ግራና ቀኝ አውድማ ነው፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ገለባው ይበናል።

አጠገቤ የተቀመጠው የንፋስ መውጫ ጨርቅ ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ጉብታ ላይ ልወጣ ነው አልኩት። ጠበል አለው ወይ አለ፤ የለውም አልኩ። ዘመድ አለሽ ወይ አለ፤ የለኝም አልኩ።

«ታዲያ ወጥተሽ ምን ልትሠሪ?»

«አይቼ እመለሳለሁ።»

የጨርቅ እስሩን ከእግሬ ሥር አንሥቶ ወደ ወዲያኛው ጎኑ አዞረው።

ድንኳኑ

መካነ ኢየሱስ ደርሼ የያዝኩት ባጃጅ የከተማው ጫፍ ላይ አወረደኝ። በእግሬ ጥቂት እንደሄድኩ አንዲት ሴት ከኋላ ደርሳ ክንዴን ያዘችና «እግዜር ያጥናሽ፣ እቴ» አለችኝ። ግራ ገባኝ፤ ምርቃት አይመለስም ብዬ አሜን አልኩ። ሌሎች ሁለት ሴቶችም መጥተው ያንኑ አሉኝ፤ አሁንም አሜን። ነጠላዬን ዳሰስኩ። ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው፤ የሐዘንተኛ አለባበስ። ላስተካክለው እጄን ሳነሣ የየኔታ ቤት ታየኝ። ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ነጠላውን እንዳለ ተውኩት።

ለቅሶ ቤት ደርሶ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደግሞስ ምን እጠይቃለሁ? ደጁ የእሳቸው ነው፣ ወይራው የእሳቸው ነው፣ ፊደል የቆጠርኩበት ድንጋይ እንኳ እዚያው ነው። አልቃሿ እንዲህ ትላለች፦

እንግዳ ሞልቶለት ደጁ ቆሞ ሳለ፣
ምነው ባለቤቱ ግባ ሳይል ዝም አለ።

በተፈጥሮዬ ድምፄ አይሰማም። ያን ቀን ግን ተሰማ። ዓይኔን ያበሩልኝ አባቴ፣ ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ አባቴ እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ሴቶቹ ዘወር ዘወር እያሉ ያዩኝ ጀመር። ጥቁር የለበሰች ጎልማሳ ሴት መጥታ አቀፈችኝ፤ የሟች ልጅ ናት አሉኝ። የኔታ ልጅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«እቴ» አለችኝ በጆሮዬ፣ «አባቴ መቼ ነው ፊደል ያስቆጠረሽ? ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም ነበር እኮ።»

ሐዘን አእምሮዋን የነካው መሰለኝና አብዝቼ አለቀስኩላት።

ይሄኔ የቤቱ በር ተከፈተና የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ።

«ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ» አሉ። «ማንን ነው የምታለቅሺው፣ ልጄ?»

«የኔታ… እርስዎ አልሞቱም?»

«እስካሁን የነገረኝ የለም።»

መጀመሪያ የሳቀችው የሟች ልጅ ናት። የሞቱት ከየኔታ ጋር አጥር የሚዋሰኑ ገበሬ ናቸው ለካ፤ ግቢያቸው ስለጠበበ ድንኳኑ በየኔታ ደጅ ተተከለ። የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ስላት ልጅቱ እጄን አለቀቀችም። «እንባ እንባ ነው፤ ለአባቴ ይቆጠርለት» አለች። ያለቀሰ ሰው ሳይቀመጥ አይሄድም ተባልኩና ከሴቶቹ መሐል ንፍሮ እየቆረጠምኩ ዋልኩ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ እየነካች «ነገ ደግሞ እኔን ታለቅሰኝ ይሆናል» ስትል ሰምቻለሁ።

ጉብታዎቹ

በማግስቱ የኔታ ራሳቸው መሩኝ። መንገዱ በወይራና በጽድ መካከል ይወጣል። የከተማው ወጣቶች ድንጋዩን ኖራ ቀብተው ምልክት አድርገውበታል፤ እሑድ እሑድ ኳስ ይዘው እየወጡ ይጫወታሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። የኔታ ቶሎ ቶሎ ያርፋሉ። መሐል ላይ ወይራ ላይ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል አለ፤ በጠጠር ሲመቱት የብረት ያህል ይጮኻል፤ ድምፁ ገደሉን ዞሮ ይመለሳል።

ከሁለቱ ጉብታዎች መካከል ደረስን። «ይኸኛው ነው» አሉ ወደ ቀኙ በመቋሚያቸው እያመለከቱ። ደስ አለኝ፤ እርግጠኛ ነገር እወዳለሁ። ሁለታችንም ተሳልመን መውረድ ጀመርን። ግማሽ መንገድ ላይ የኔታ ቆመው ወደ ኋላ አዩ።

«ወይስ ያኛው ነው? በልጅነቴ የምወጣው በወዲያ በኩል ነበር። ቀኙ ግራ ሆኖብኝ ይሆናል።»

እንመለስ ወይ አልኩ፤ ጉልበታቸው እንደማይችል እያየሁ። አይሆንም አሉ። ታዲያ ለሰው ምን ብዬ ልጻፍ?

«ሁለቱንም ይሳለሙ። ምን ይጎዳቸዋል?»

ስሰናበታቸው ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና እንዳልኩ ነጠላዬን አዩ፤ ጥለቱ ወደ ታች ነው። «ስሞት ያስጠሩሻል» አሉኝ። «አንቺ ግን ድንኳን ስላየሽ ብቻ አታልቅሺ። መጀመሪያ ከደጅ ቆመሽ ተጣሪ።»

ቤት

ደብረ ታቦር ስገባ መብራት ጠፍቷል። ሴት ልጄ በሻማ እራት አቀረበችና ቦታውን አገኘሽው ወይ አለችኝ። አላገኘሁትም አልኳት፤ ቀጥዬ ደግሞ አግኝቼዋለሁ አልኩ። የእኔ ነገር ገርሟት ሻማውን ወደ ፊቴ አስጠጋች።

እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ያሁኑን ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጉብታዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም ተሳለሙ። ሴቶች ነጠላችሁን አስተካክሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ወይራ ካለበት ደጅ ቆማችሁ ተጣሩ። ከውስጥ ማነው የሚል ካለ፣ መንገዱን ከእኔ ይልቅ እሱ ይነግራችኋል።»