ቀኝ ለሚያውቅ፣ ግራ ለማያውቅ

እኔ ወረፋ አልወድም። ሶዶ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያቅበጠብጠኛል። ወርጄ እዞራለሁ፣ ረዳቱን "ስንት ሰው ቀረህ?" እያልኩ እነዘንዛለሁ፣ ተመልሼ ስገባ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተመቻችቶ ተቀምጧል። እናቴ "አንቺ እኮ ስትወለጂም አዋላጇን አልጠበቅሽም" ትለኛለች። ይህ ጠባዬ ብዙ ነገር አበላሽቶብኛል፤ ከሁሉም በላይ ግን ያመሳቀለው የመምህርነት የሙያ ፈቃዴን ነው።

ፈቃድ ማውጣት ማለት እንዲህ ነው። ኮሌጅ ገብተሽ ትማሪያለሽ፣ በየትምህርት ቤቱ ለልምምድ ትላኪያለሽ፣ ትመረቂያለሽ፣ ትቀጠሪያለሽ። ጠመኔ ይዘሽ ሰሌዳ ፊት ስትቆሚ በቃ መምህር ሆንኩ ትያለሽ። የለም፣ ገና ነሽ። መጀመሪያ የጽሑፍ ምዘና አለ። እሱን ስታልፊ ደግሞ ማህደረ ተግባር የሚሉት ይመጣል፦ የዕለት ዕቅድሽ፣ በእጅሽ የሠራሽው መርጃ መሣሪያ፣ ሱፐርቫይዘር ክፍልሽ ገብቶ ስታስተምሪ አይቶ የሞላው ቅጽ፣ በራስሽ ተማሪዎች ላይ ያካሄድሽው አጭር ጥናት። ይሄ ሁሉ በአንድ ክላሰር ታስሮ፣ ፊርማና ማህተም አርፎበት፣ ቀኑ ሳያልፍ መግባት አለበት። ካለፈ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ደግሞ የሚነግርሽ የለም።

የጽሑፉን ምዘና መጀመሪያ ወደቅኩ። ከአዳራሹ በሙሉ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ በኩራት ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ሌሎቹ ሲወጡ ነው የመጨረሻው ወረቀት ጀርባው ላይም ጥያቄ እንደነበረው የሰማሁት። ሁለተኛው ላይ አለፍኩ። የቀረኝ ማህደሩ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል በየሳምንቱ አዲስ ወሬ ይመጣል፦ ፈቃድ የሌለው ከክፍል ሊወጣ ነው፣ እድገት ሊቀርበት ነው፣ የለም እንዲያውም ሊሰናበት ነው። የሚያወራው ሰው ምንጩን ሲጠየቅ አያውቅም፤ እኔ ግን አምናለሁ። ለሥራዬ ፈራሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝማ።

ጥናቱን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ሶዶ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ "የተማሪዎች ማርፈድ፣ መንስኤውና መፍትሔው" የሚል ያለቀለት ጥናት ተቀምጧል። ስምሽንና የትምህርት ቤትሽን ስም ትነግሪዋለሽ፣ ይቀይርልሻል፣ ያትምልሻል። በእኛ አካባቢ ተማሪው ሁሉ የሚያረፍደው በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው፣ የሚስተካከለውም በአንድ ዓይነት መፍትሔ ነው። ሳላነበው ክላሰሩ ውስጥ ከተትኩት።

የቀረው ሱፐርቫይዘሩ ክፍሌ መግባቱ ነበር። የማስተምረው በበዴሳ መስመር ከዋናው መንገድ በሞተር ወይም በእግር ገባ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፤ በአንድ ዴስክ አራት አንዳንዴም አምስት ይቀመጣሉ። ሱፐርቫይዘሩ የሚሞላው ቅጽ ላይ ስለ ተማሪዎች ተሳትፎ የሚጠይቅ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ብዙ መምህር ይወድቃል። ልጅ እንግዳ ሲያይ ድምፁ ይጠፋልና።

ለዚህ መድኃኒቱን የነገረችኝ ገና እንደተቀጠርኩ አጠገቤ የምትቀመጠው የሳይንስ መምህርት ናት። "ሁሉም እጅ ያውጣ" አለችኝ። "የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። አንቺ ቀኙን ብቻ ጥሪ።" ስትነግረኝ ሳቅኩ፤ ስሞክረው ግን ወደድኩት። ለእንግዳ ቀን ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ ሠራሁበት። ማንም ባለማወቁ አያፍርም፣ ክፍሉ ሁሌ የእጅ ጫካ ነው፣ እኔም ጊዜ አላባክንም። ዓይኔ ቀኝ እጆችን ብቻ እየለቀመ ይሄዳል፣ መልሱ ይመጣል፣ ምዕራፉ ያልቃል። እንደ እኔ ላለች ጥድፈኛ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የት ይገኛል? ከሌላው ክፍል በሁለት ምዕራፍ ቀድሜ ነበር፤ ይህንንም አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከተጀመረ በኋላ አንዲት ልጅ ከሩቅ፣ ከቤሌ አካባቢ ተዛውራ መጣች። አክስቷ ዘንድ ልትኖር ነው የመጣችው። መስኮቱ ጋ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ አስቀመጥኳት። ቀጭን፣ ዝም ያለች፣ ሹራቧ እጅጌው የረዘመባት ልጅ ናት። በጠየቅኩ ቁጥር እጇን ታወጣለች። ግራዋን። ሁሌ ግራዋን። አንጀቴን በላችው፤ አንድ ቀን እንኳን ልዋሽ አትልም። ለሳይንስ መምህርቷ "ያቺ አዲሷ ምንም አይገባትም፣ ግን እንዴት ያለች ሐቀኛ ናት መሰለሽ" ብያታለሁ። ደብተር ሳሳርም ልጆቹ እርስ በርስ ተቀያይረው ነው የሚተራረሙት፤ የእሷን ደብተር አንድም ቀን ገልጬ አላየሁም።

ሱፐርቫይዘሩ የመጣው ሰኞ ነው። ክላሰሩ የሚገባው ዓርብ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እግሬ መሬት አልረግጥ ብሏል። ሰውዬው በእድሜ ገፋ ያለ፣ ሞተሩን በዝግታ የሚነዳ፣ በዝግታ የሚናገር ነው፤ ዝግታው ብቻውን ያሳብደኛል። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

ትምህርቱ እንደ ውኃ ፈሰሰ። እጠይቃለሁ፣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፣ ቀኝ እመርጣለሁ፣ ትክክለኛው መልስ ይመጣል፣ ይጨበጨባል። ሰሌዳው ላይ አንድ እኩልታ ጽፌ ሌላ ቀኝ እጅ ልጠራ ስል ከኋላ ድምፁ መጣ። "እስቲ ያቺ መስኮቱ ጋ ያለችው ትሞክረው።"

ፈቃዴ ሲበር ታየኝ። ልጅቷ ግን ተነሳች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ መጥታ ጠመኔውን ተቀበለችኝ። በግራ እጇ። በግራ እጇም እኔ በአራት መስመር የምሠራውን በሁለት መስመር ሠርታ ጠመኔውን መለሰችልኝ።

ከዚያ የፊት ዴስክ ላይ የሚቀመጠው፣ ሁሉን ካልተናገርኩ የሚለው ልጅ፣ ሕግ እንደተጣሰበት ሰው ተነስቶ "ቲቸር፣ እሷ እኮ ግራ ነው ያወጣችው" አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ግራኝ ነበረች፣ ሌላ ነገር የለውም። የእኛን ስምምነት የነገራትም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳት፣ ልጆቹም እንደምታውቅ ገምተዋል። ወር ሊሞላት ነው፤ መልሱን እያወቀች እጇን እያወጣች፣ እኔም በላይዋ እያለፍኩ።

ከትምህርቱ በኋላ ሱፐርቫይዘሩ ከግቢው ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥቶ አስቀመጠኝ። ቅጹን ሞልቶ ፈረመ፤ ውጤቱ መጥፎ አልነበረም። ክላሰሬን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አገላበጠ፣ ጥናቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ተማሪዎችሽ የሚያረፍዱት በቤሌ ገበያ ቀን ነው ይላል" አለኝ። "ከዚህ ተነስቶ ቤሌ ገበያ ደርሶ የሚመጣ ልጅስ ቢያረፍድ አይፈረድበትም።"

ፎቶ ኮፒ ቤቱ የገበያውን ስም አልቀየረልኝም ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አልተቆጣም። እሱም ሲያስተምር ያንኑ የእጅ ዘዴ ይጠቀም እንደነበር ነገረኝ፤ ከእሱ ተማሪዎች የማያውቁት አውራ ጣታቸውን ነበር የሚያጥፉት። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ ጥናቱንም ፈረመበት፣ ማህተምም አሳረፈበት።

"ፈርሜልሻለሁ" አለ። "ዓርብ ብታስገቢው የሚያስቆምሽ የለም። ግን እህቴ፣ ጥናት የምትሠሪበት ነገር ዛሬ ክፍልሽ ውስጥ ተገኝቷል። ስሟ ማነው?"

አላወቅኩም። ስም መጥሪያውን የሚይዘው የክፍል ኃላፊው ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ። ሞተሩን አስነስቶ በዚያው ዝግታው ሄደ።

ሦስት ቀን ተናደድኩ። በእሱ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በፊት ዴስኩ ልጅ፣ በእናቴ ሳይቀር። ፈርሞልኝ የለ? ማህተሙ አርፎ የለ? ሌላው ሰው ሁሉ በቤሌ ገበያ ፈቃድ ሲያወጣ የኔ ምን ልዩ ነው? እያልኩ ከራሴ ጋር ሽንጤን ገትሬ ስከራከር ሰነበትኩ። ክፍል ስገባ ግን ዓይኔ መስኮቱን ይሸሻል።

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷን ከክፍል ስትወጣ አስቆምኳት። በወላይትኛ ነው ያናገርኳት፤ እንዳትፈራ ብዬ፣ ይልቁንም እኔው ፈርቼ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ግራና ቀኙን አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ፣ የገረማትም አትመስልም። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጠራት ለምን እጇን ማውጣት እንዳልተወች ጠየቅኳት።

"ተራ ያለ መስሎኝ ነው፣ ቲቸር" አለች። "ተራዬ እስኪደርስ ነው የጠበቅኩት።"

ስሟን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፣ እንዳይጠፋኝ ሁለቴ ደገምኩት።

ዓርብ ጠዋት ሶዶ የሚሄደው ሚኒባስ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። የሳይንስ መምህርቷ ክላሰሯን አቅፋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ አንድ ወንበር ይዛልኛለች። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል። በሕይወቴ አንድ ሰው ቀረኝ የሚል ሚኒባስ አልፎኝ አያውቅም። ክላሰሩን ከፈትኩ፣ የማርፈዱን ጥናት ከነፊርማው መዝዤ አወጣሁ፣ እሷን በመስኮቱ ሂጂ አልኳት። ያመመኝ መስሏት ነበር። ሚኒባሱ ሄደ፣ እኔም በእግሬ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ።

የራሴን ጥናት መጻፉ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ችግሩ ምንድን ነው በሚለው ሥር መጀመሪያ "የተማሪዎች ተሳትፎ ማነስ" ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ "መምህርቷ ትጣደፋለች" ብዬ ጻፍኩ። ደብተር ራሴ ማረም ጀመርኩ፣ ስም መጥሪያውን ለመንኩና ገልብጬ ወሰድኩ፣ እጅ ላላወጣውም መጠበቅ ተለማመድኩ። መጠበቁ አሁንም ያመኛል፤ አንድ ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያስብ መዳፌን ጥፍሬ እስኪወጋው እጨብጣለሁ። ግራና ቀኙን አስቀረሁት። የሁለት ምዕራፍ ብልጫዬም ቀረ፤ እንዲያውም ከሌላው ክፍል ወደኋላ ቀረሁ፣ ርዕሰ መምህሩም ጠርቶ ገሠጸኝ።

ቀጣዩ ዙር ቶሎ አልመጣም። የሳይንስ መምህርቷ ፈቃዷን አውጥታ ፍሬም ውስጥ አስገባች፤ በቅናት ተቃጠልኩ፣ አልዋሽም። በየቀኑ ማስታወቂያ ሰሌዳውን አይ ነበር። ፈቃዴ እጄ የገባው ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ገብታ፣ ሌላ መምህር ሲያስተምራት ነው።

በዕረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ አስጠርቼ አሳየኋት። ለምን እንደማሳያት በደንብ አላስረዳሁም። ወረቀቱን በግራ እጇ ይዛ፣ ስሜን፣ ቀኑን፣ ማህተሙ ላይ የተጻፈውን ሳይቀር ቀስ ብላ አነበበች። አላጣደፍኳትም።

"ተራዎት ደረሰ ማለት ነው፣ ቲቸር?" አለችኝ።

ደረሰ፣ አልኳት።