ሞጣ ያለቀሰችለት የፈረንጅ ልጅ

ሌላው ሰው ናፍጣ ሲሸተው መኪና ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ቴሌቪዥን ነው። በደርግ ጊዜ ሞጣ ያደገ እኩያዬ ምክንያቱን አይጠይቀኝም። የቀበሌያችን ቴሌቪዥን የሚሠራው በጄኔሬተር ስለነበር፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲነሳ የናፍጣው ሽታ ሰፈሩን ያዳርሰዋል። ያኔ በርጩማዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ አዳራሹ መሮጥ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ የሊቀመንበሩና የሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ ሌላው መቀመጫውን ይዞ ይመጣል፣ ያልያዘ መሬት ላይ ይዘረፈጣል። ምስሉ ጥራት ስላልነበረው ሰዎቹ ሁልጊዜ በካፊያ ውስጥ የሚሄዱ ይመስሉን ነበር።

ያን ዓመት በየእሁዱ የምንጠብቀው አንድ የፈረንጅ ድራማ ነበር። በድሮ ዘመን ስለኖሩ ሳይንቲስቶች የሚተርክ ነው። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር ይኸነው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምልናል። ሲተረጉም ታዲያ ዝም ብሎ አይደለም፤ ሊቁ ሲቆጣ አብሮ ይቆጣል፣ የሊቁ ሚስት ስትለማመጥ ድምፁን አቅጥኖ ይለማመጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ከፈረንጆቹ ይልቅ እሱን ለማየት የሚመጣም ነበር።

ተመልካቹም ቢሆን ዝም ብሎ አያይም። ምድር ትዞራለች ያለው ሽማግሌ ፍርድ ፊት የቀረበ ዕለት፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ ከአግዳሚው ላይ ሆነው «ከመምህሮቹ የበለጠ ተማሪ መቼ ተወዶ ያውቃል» ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። በአንዲት የውሃ ጠብታ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሲርመሰመሱ ያየው ሰውዬ በቀረበበት ሳምንት ደግሞ፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩት ጎረቤታችን እትዬ ዝማም ቤታቸው ገብተው የእንስራውን ውሃ በሙሉ ደፉት። «በሁዳዴ ስንቱን ሥጋ ስጠጣ ኖሬያለሁ!» እያሉ ቢጨነቁ፣ የኔታ ሳያውቁ የበሉት ጾም አያስገድፍም ብለው አጽናኗቸው። እኛ እስላሞቹ በሳቅ ሞትን።

የእኔ ጉድ የመጣው የአበደው ውሻ ታሪክ በታየበት እሁድ ነው። አባባ ልብስ ሰፊ ስለነበር ቁልፍ መትከል የእኔ ሥራ ነበር፤ የዚያን ቀን የአንድ ካፖርት ቁልፍ ሳልጨርስ አትንቀሳቀሺ ብሎ አስቀረኝ። ጨርሼ ስወጣ ሞተሩ ተነስቷል። መንገድ ለማሳጠር በመምህር ይኸነው አጥር ቀዳዳ ሾልኬ ስገባ፣ ከአጥሩ ሥር የተኛውን የውሻውን የመከተን ጭራ ረገጥኩት። ዘወር ብሎ ግራ ባቴን ያዘኝ። ወዲያው ለቀቀኝና እንደማፈር ብሎ ሸሸ። ሁለት የጥርስ ምልክትና ትንሽ ደም ነበር። አፈር ነስንሼበት ሩጫዬን ቀጠልኩ።

አዳራሹ ውስጥ ምን ይታያል? በአበደ ውሻ የተነከሰ ገበሬ። ውሃ ሲያቀርቡለት ይጮኻል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ የገዛ ዘመዶቹ ይዘው ያስሩታል። «እኛስ አገር ቢሆን አስረን አይደል የምናስቀምጠው» አሉ አንድ ሽማግሌ ከበስተኋላዬ፤ «ምን ይደረግ፣ ሌላ ሰው ይጨርሳላ!» ቀሚሴን ወደ ታች ጎትቼ ባቴን ሸፈንኩ። ልነግራቸው የከፈትኩትን አፌን የዘጋሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከገበሬው ቀጥሎ የእኔ እኩያ የሚሆን ልጅ ተነከሰ። እናቱ እየጎተተች ወደ አንድ ጺማም ሊቅ ወሰደችው። ሊቁ መድኃኒት አግኝቷል፤ ግን በሰው ላይ ሞክሮት አያውቅም። ይወላውላል፣ መስኮት ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ መርፌው ልጁ ላይ ሲሰካ ድራማው ለሳምንት ተቋረጠ። አዳራሹ ታመሰ። «ያልተሞከረ መድኃኒት በሰው ልጅ!» የሚል አለ፤ «ታዲያ ዝም ብሎ ይሙት?» የሚል አለ። እትዬ ዝማም ከመሬት ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ጊዮርጊስ! ይኸን ልጅ ካተረፍክልኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ!» ከወንዶቹ አንዱ «ለፈረንጅ ልጅ ስለት?» ብሎ ቢስቅባቸው፣ «እናት አለችው አይደለም እንዴ» ብለው ተቀመጡ።

በዚህ ግርግር መሀል መምህር ይኸነው ወደ ቢቸና መዛወሩን ተናገረ። ማክሰኞ ጓዙን ጭኖ ሄደ። መከተ ከፍራሹና ከመጻሕፍቱ መሀል ታስሮ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ቁልቁል ያየኝ ነበር። ደግ ውሻ ነበር፤ ሰው ነክሶ አያውቅም። ሌላውን ሰው የሚያረጋጋው ይኸ ነገር እኔን ጨረሰኝ። ካላበደ ለምን ነከሰኝ? በየማለዳው ውሃ በጣሳ ቀድቼ፣ ውስጡን አፍጥጬ አይቼ እጠጣለሁ። ጉሮሮዬ ካወረደልኝ አንድ ቀን አገኘሁ ማለት ነው።

የሚቀጥለው እሁድ ደረሰ። አስተርጓሚ የለም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልተርጉም ብሎ ቆመና ከሦስት ዓረፍተ ነገር በኋላ ላብ አጠመቀው፤ ሄዶ ተቀመጠ። በዓይናችን ብቻ ማየት ያዝን። ሊቁ አይተኛም። ልጁ አልጋ ላይ ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚመስል ሕንፃ ታየ፣ ደወል ተደወለ፣ እናትየው ብቅ አለች። ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷ ላይ ጥቁር ዓይነ ርግብ። በመሀረብ ዕንባዋን ትጠርጋለች። ሊቁ ኮፍያውን አውልቆ፣ እጇን ይዞ፣ አንገቱን ደፋላት። አለቀ።

እንግዲህ ለዚህ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል? ጥቁር የለበሰች እናት፣ ደወል፣ ባርኔጣውን ያወለቀ ሰው። እትዬ ዝማም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። የኔታ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሳይንስ ለሰፊው ሕዝብ ስለሚሰጠው አገልግሎት ውይይት ሊመራ የተዘጋጀው ሊቀመንበር አፍንጫውን ጠርጎ፣ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል አለ። ከሁሉም ይበልጥ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። «የእንድሪስ ልጅ እንዴት ሆደ ባሻ ናት!» ሲሉ ሰማሁ። መድኃኒት ያገኘው ልጅ ከሞተ ያላገኘችው ምን ትሆናለች የሚለውን ማንም አላሰበው።

መንገድ ላይ እትዬ ዝማም እጄን ያዙኝ። «አንቺየ፣ ምን ሁነሽ ነው እንዲህ የሚያንሰፈስፍሽ?» ቀሚሴን ገልጬ አሳየኋቸው። «መከተ ነው። እባክዎ አያስሩኝ» አልኩ። ድንገት ቆሙና ቁስሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ በለሆሳስ፤ ከዚያ እየጎተቱ ሳይሆን እየሮጡ ቤት አደረሱኝ።

አባባ የጀመረውን ስፌት አቋርጦ ሲነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ድሬሰሩ ከቤቱ ተጠርቶ መጣና ቁስሉን በሳሙናና በውሃ እስኪሰለቸኝ አጠበልኝ። «መድኃኒቱ ያለው አዲስ አበባ ነው» አለው አባባን። «ውሻው አብዶ ከሆነ ከነከሳት ጀምሮ አሥር ቀን አይቆይም። ፈልጉት። በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ካገኛችሁት ዳነች። ከሞተ ወይም ከጠፋ ግን ቤቴ ልመለስ እንዳትል፤ በዚያው ዓባይን ተሻገር።»

መኪና እንደ ዛሬ እንደልብ አይደለም። ሰኞ ሊቀመንበሩ የይለፍ ወረቀት ጻፈልን፤ ማክሰኞ ቆመን ዋልን፤ ረቡዕ ማለዳ እህል በጫነ መኪና ላይ ወጣን። አሥረኛው ቀን ነበር። ግንደወይን እስክንደርስ አባባ ውሃ የሞላ ኮዳ ታቅፎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ሆነ፦ «ጠጪ»። የውሃውን ኮዳ ይሰጠኛል፣ ስውጥ ጉሮሮዬን ያየኛል፣ ይቀበለኛል፤ ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «ጠጪ»። ለካ የድራማውን ገበሬ ወሬ እሱም ሰምቷል። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ተሳፋሪው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሳለም አባባ የራሱን ዱዓ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አደረሰ፤ እኔ ሆዴ በውሃ ተነፍቶ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

ቢቸና ወርደን ውሃ የቀዳች ሴት አገኘንና አባባ የመምህር ይኸነውን ቤት ጠየቀ። መልሷን ሳይጠብቅ «ውሻው አለ?» አላት። ሴትየዋ ግራ ገባት፤ ከባለቤቱ በፊት የውሻ ደህንነት የሚጠይቅ እንግዳ አይታ አታውቅም። «ኤዲያ፣ የእሱን ውሻማ ተዉት» አለች እጇን እያወናጨፈች። አባባ አጥሩን ተደገፈ። ፊቱ አመድ ሆነ። «ሰፈሩን በጩኸት አሳበደው እኮ! የአገራችን ውሾች የት ይግቡ?» ብላ ቀጠለች፤ ቤቱንም ጠቆመችን።

ከዚያ የሮጠው አባባ ነው፣ እኔ ነኝ የተከተልኩት። መከተ በር ላይ ተቀበለን። መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ አሸተተኝና ጭራውን ማወዛወዝ ጀመረ። አባባ ውሻ ባጠገቡ ሲያልፍ ልብሱን የሚሰበስብ ሰው ነበር። የዚያን ቀን መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ «ውሃ ስጡት! እባካችሁ ለውሻው ውሃ ስጡት!» አለ። መምህር ይኸነው ምን እንደመጣ ሳይገባው በሳህን አቀረበ። መከተ ላፍ ላፍ እያደረገ ጠጣ። «ጠጣ!» አለ አባባ። «ዘይነብ፣ አየሽ? ጠጣ!» ውሻውን ባንገቱ አቅፎ፣ እጁንና ጺሙን እያስላሰ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። አልሃምዱሊላህ ማለት እንኳ የታወሰው በኋላ ነው። ስንረጋጋ በእምነታችን እንደሚደረገው ሰባት ጊዜ ታጠበ፣ አንዱን በአፈር፤ መምህር ይኸነው እያስታጠበው ጮክ ብሎ ይቆጥርለት ነበር።

ደረቴ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ሲወርድ፣ የቀረኝ አንድ ሐዘን ብቻ ሆነ። «መምህር፣ ያ ልጅ ግን ለምን ሞተ?» አልኩት።

«የቱ ልጅ?»

«የድራማው ነዋ። ሞጣ እኮ በሙሉ አልቅሶለታል።»

«ማን ሞተ አላችሁ? ድኖ ቤቱ ገባ እኮ!»

የእናቱን ጥቁር ልብስ፣ ደወሉን፣ የወለቀውን ባርኔጣ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጥቁሩ ለካ የክት ልብሷ ነው። የዚያ አገር ሰው ለክብር ቀን ጥቁር ይለብሳል፤ ደወሉ የእሁድ ነው፤ ሊቁ ባርኔጣውን ያወለቀው ለሰላምታ፣ እሷም ያለቀሰችው ልጄን አተረፍክልኝ ብላ ነው። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «አይ ሞጣ!» አለ፤ መምህር ይኸነው ግን «ኧረ ቢቸናም እኔ ባልተረጉምለት ፍራሽ አንጥፎ ነበር» አለ።

በማግስቱ ሞጣ ስንገባ እትዬ ዝማም መኪና ከሚቆምበት ቦታ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ረቡዕንም እዚያው እንደዋሉ በኋላ ሰማን። አባባ ከጭነቱ ላይ ሆኖ «ድኗል! ልጁ ድኗል!» ብሎ ጮኸ።

«የትኛው ልጅ?» አሉ እየተነሱ።

«ሁለቱም፣ እትዬ! ሁለቱም!»

እልልታቸው የአህዮቹን ጭነት ሊያስጥል ምንም አልቀረው። ስለት ስለት ነውና ጃንጥላው ገባ፤ ዘርፉን ዙሪያውን የሰፋላቸው አባባ ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ያያሉ፤ መጨረሻውን ቀድመው ፈልገው ያነቡታል። አልፈርድባቸውም። ያ ጭንቀት ቀርቶላቸዋል፣ መድኃኒቱም እንደ ድሮው ከዓባይ ማዶ ብቻ አይደለም፤ እሰይ ነው የምለው። የሚቆጨኝ የራሴ ነገር ነው። ስሙን እንኳ ላልያዙት፣ አገሩን ለማያውቁት ልጅ ነጠላቸውን ካዘቀዘቁ ሰዎች መሀል ተቀምጬ፣ እነዚህ ሰዎች እኔን በገመድ ያስሩኛል ብዬ ስንቀጠቀጥ ሰነበትኩ። ብነግራቸው ኖሮ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ቢቸና ድረስ በእግሩ ይወስደኝ ነበር።