ፎርማጆ በዓሣ ላይ

ኤቫሪስቶ ከተራራ ሳይወርድ፣ በግ ሲያልብና ፎርማጆ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። ባሕርን የሚያውቀው በሚስቱ በዜሊንዳ ወሬ ብቻ ነበር። እሷ የሳንታ ሬፓራታ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። አባቷ «ለበግ አርቢ ልጄን አልድርም» ቢል፣ አንዴ ከዓሣ ነጋዴዎች ጋር ተራራ ወጥታ የተዋወቀችውን ኤቫሪስቶን ብላ ኮበለለች፤ ተመልሳም አልወረደች።

ባለፈው ክረምት ዜሊንዳ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሁሉ አፈር አፈር አለው። አንድ ነገር ብቻ አማረው፦ እሷ ትሠራለት የነበረው ፓስታ። ነጋዴዎች ወደ ተራራ ይዘው በሚወጡት፣ ጨው በበላው፣ ጣት በሚያካክል ዓሣ ትለውሰዋለች፤ ከላዩ የእሱ ፎርማጆ ይፈቀፈቅበታል። «በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚበላው» ትለው ነበር።

ያን ፓስታ ዳግም ሳይበላ ላለመሞት ቆረጠ። ቁራጭ ፎርማጆና ትንሽ መፈቅፈቂያ ሸክፎ፣ በባሕሩ ዳር በሚያዘግመው ባቡር ተሳፈረ። ቀጥ ብሎ ሳንታ ሬፓራታ መውረድ ይችል ነበር፤ ግን ፈራ። እዚያ የዜሊንዳ ታናሽ እህት አርሚዳ ምግብ ቤት አላት። እህቷን ወስዶ ያስቀረባትን ሰው በምን ዓይን ታየዋለች? ስለዚህ ከዚያ በፊት ባሉት መንደሮች እየወረደ ይበላ ጀመር።

ቀኖቹ ተደበላለቁበት። ዋሻ፣ ብርሃን፣ ደግሞ ዋሻ። ባቡሩ ከጨለማው በወጣ ቁጥር ባሕሩ ገና ዛሬ የተፈጠረ ይመስላል። አንዱ መንደር ከምድጃ እንደወጣ የሽምብራ ቂጣ በላ። ሌላው ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ ጥብስ ከነወረቀቱ ታቅፎ ማዕበሉን ሲሰማ እንቅልፍ ወሰደው። የመንደሮቹን ጠባብ ደረጃ ሲወጣ ዜሊንዳ ከፊቱ የምትሄድ፣ መታጠፊያው ላይ ቀሚሷ ብቻ የሚታየው እየመሰለው ዝም ብሎ ይከተላል። ደስ ይለው ነበር፤ ለምን ይዋሻል።

ችግሩ ፓስታው ሲመጣ ነው።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለው አንዱ አስተናጋጅ።

«ፎርማጆ ነዋ።»

«በዓሣ ላይ? ኧረ በማርያም! እማዬ፣ ነይ ጉድ እዪ!»

እናትየው ከጓዳ ብቅ አለች። «ምነው አባቴ፣ ዓሣው ምን በደለዎት? አንዴ ሞቷል እኮ!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። «የሚስቴ አገር እንዲህ ነው የሚበላው» አለ ኤቫሪስቶ ፊቱ ቀልቶ። የሄደበት ሁሉ እንዲሁ ሳቁበት። እሱም በየሳቁ ልቡ እየሞላ ሄደ፤ እንግዲያው የዜሊንዳ ፓስታ ያለው የዜሊንዳ መንደር ብቻ ነው ማለት ነው።

ሳንታ ሬፓራታ ደርሶ ማንነቱንና የዜሊንዳን መሞት ሲነግራት አርሚዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አስቀምጣ ፓስታውን ራሷ አቀረበችለት። ፎርማጆውን ሲያወጣ ግን እጁን ያዘችው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ዜሊንዳ እንዲህ ነበር የምታበላኝ። በእናንተ አገር…»

«በእኛ አገር? አባቴ ይሄን ቢያይ ጠረጴዛውን ይገለብጠው ነበር!» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ የፈቀፈቅኸው አንተ ነህ አይደል?»

ትዝ አለው። ዜሊንዳ እናቱ ቤት መጀመሪያ ያበሰለችበት ማታ ነው። በሙያው ሊኮራ፣ በሁለቱም ሳህን ላይ ፎርማጆውን አዘነበው። እናቱ «ትወጂዋለሽ ልጄ?» ስትላት ዜሊንዳ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ «በእኛም አገር እንዲህ ነው የሚበላው» አለች።

«እሷስ ትበላው ነበር?» አለችው አርሚዳ።

«ሳህኑን ጠርጋ። ሁልጊዜ።»

«ዜሊንዳ! ልጅ ሆና የፎርማጆ ሽታ ከቤት ያስወጣት ነበር እኮ!»

አርሚዳ ፎርማጆውን ከፊቱ አነሳችና «በል ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችው። ጎረሰ። ዘይቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የዓሣው ጨው ጥርት ብሎ ተሰማው። ምነው ባልጣፈጠኝ ብሎ ተመኘ። ግን ዕድሜውን ሙሉ ከበላው ሁሉ በለጠበት።

«ጣፈጠህ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና እንደ ሕፃን አለቀሰ።