የቀይ ባሕርን ጠብ ኦሮራ ላይ እንዴት እንደፈታሁ

የቀይ ባሕርን የድንበር ጠብ ኦሮራ ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የፈታ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሁለት መንግሥታት ባለሥልጣን እያመላለሱ ያቃታቸውን፣ እኔ በቺፕስና በወለል መጥረጊያ መካከል ቆሜ፣ ሻይ ለማፍላት በማይበቃ ጊዜ ጨረስኩት። እዚያው ዴንቨር አጠገብ ግሌንዴል ያሉ ያገራችን ሰዎች ዛሬም እንዲህ ነው የሚያወሩት።

ነገሩ የተጀመረው ዴንቨር ኤርፖርት፣ ታክሲያችንን ፓርክ አድርገን ተራ በምንጠብቅበት ቦታ ነው። አብረውን የሚነዱ ኤርትራዊ አዛውንት ነበሩ። ምጽዋ ያደጉ፣ በአማርኛ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ። ያን ቀን የስልክ ካርድ በጣታቸው እያገላበጡ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዓሣ አጥማጅ የሆነው ታናሽ ወንድማቸው ዓሣ ሲከተል የየመን ውሃ ውስጥ ገብቶ ከነጀልባው ተይዟል። በሕይወት መኖሩን እንኳ ያረጋገጠላቸው የለም።

«ውሃ ላይ ደግሞ ምን መስመር አለ?» አልኳቸው።

«ለዓሣው የለም፤ ለወንድሜ ግን አለ።»

ኦሮራ ውስጥ አንድ የመናዊ ባለሱቅ እንዳለ፣ የአጎቱም ልጅ እዚያው አገሩ ወደብ ላይ እንደሚሠራ አውቅ ነበር። «ሽማግሌ እንላክበት!» አልኩ። የሁለታችን አገሮች በመሬት ድንበር ተኳርፈው ሰላምታ በተዉበት ዘመን፣ እኛ የባሕሩን ልንጨርስ ተነሳን።

«እርስዎ ባለጉዳይ ስለሆኑ ትንፍሽ እንዳይሉ፤ ንግግሩ የሽማግሌ ነው። ዐረብኛውን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ጅዳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።»

ትንሽ አዩኝና «እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉ።

እሑድ ከሰዓት ሱፍ ለብሰን ሄድን። ሦስት እንድንሆን አንድ ሹፌር ጨመርን። እሱ መኪና ውስጥ «በእንግሊዝኛ ብንነግረውስ?» ቢል፣ «አንተ ዲፕሎማሲ ምን ታውቃለህ!» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ባለሱቁ ሦስት ከረባት ሲገባበት ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣን መስሎት ደረሰኝ ፍለጋ መሳቢያውን ይበረብር ጀመር።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ያለኝን ዐረብኛ በሙሉ አፈሰስኩት፦ ወንድም፣ ባሕር፣ ዓሣ፣ ፖሊስ፣ ነገ፣ ኢንሻላህ። ሰውየው ግንባሩን ቋጥሮ ረዘም ያለ ነገር መለሰ። እኔም ወደ አዛውንቱ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ እጅግ አዝኗል። ነገውኑ ይለቀቃል ይላል። የመን በሙሉ ለእርስዎ ቤተሰብ ትልቅ አክብሮት አለው።»

«ይህን ሁሉ አለ?»

«አሳጥሬልዎት ነው እንጂ!»

ባለሱቁ እኛን ትቶ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ያኔ አዛውንቱ ወደ ፊት ተራመዱ። «ይቅር በለኝ፣ ሥርዓት ላፈርስብህ ነው» አሉኝና ሰውየውን ቀስ ባለ ድምፅ ያናግሩት ጀመር፤ እንደ ውሃ በሚፈስ ዐረብኛ። ምጽዋ ያደገ ሰው ዐረብኛ ሊያውቅ ይችላል ብዬ አለማሰቤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የባለሱቁ ፊት ተለወጠ። ወንበር አመጣላቸው፤ ስልኩንም አነሳ።

ስንወጣ «መጀመሪያ ምን ነበር ያለኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«‹ትኩስ ዓሣ አልሸጥም፣ ነገም ብትመጡ የለኝም› ነው ያለህ።»

«ታዲያ እየሰሙ ዝም ይሉኛል?»

«ትንፍሽ እንዳይሉ ብለኸኝ የለ?»

የባለሱቁ የአጎት ልጅ የአዛውንቱን ወንድም ፈልጎ አገኘውና ደህና መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ የመንግሥታቱ ሰዎች በራሳቸው ጊዜ ተነጋግረው የተያዙትን አጥማጆች ሁሉ ከነጀልባቸው ለቀቁ። አዛውንቱ ግን ለታክሲው ሰው ሁሉ «ያስፈታው እሱ ነው» እያሉ አዳረሱ። እኔም በየደረስኩበት ምሳ ተጋበዝኩ።

የምስራቹ ቀን ቤታቸው ሰው ሞልቶ ሳለ ስልክ ተደወለ። ወንድማቸው ነው። አዛውንቱ አውርተው ሲጨርሱ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ያስፈታህ ሰው ዐረብኛ አዋቂ ነው ብዬዋለሁ። ራሱ ሊያመሰግንህ ይፈልጋል።»

ሰውየው በዐረብኛ አወራ፣ አወራ፣ ድምፁ ተቆራረጠ፣ አለቀሰ። እኔ «ነዓም፣ ነዓም»፣ አዎ፣ አዎ እላለሁ። እንግዶቹ ሁሉ አፍ አፌን ያያሉ።

«ምን አለህ ልጄ?» አሉ አዛውንቱ፣ ዓይናቸው እየሳቀ። «ለእንግዶቹ ተርጉምላቸው እንጂ!»

አንዲት ቃል አልገባችኝም። ጅዳ ሁለቱን ዓመት የኖርኩት ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ሳህን ሳጥብ ነው፤ ዐረብኛ አልችልም።