ሄልካ ስድስተኛውን ዘፈን የሰማች ዕለት

ሄልካ ኬቱነን የታንጎ ዘፈንና ጭፈራ ሰው ናት። በአረጋውያን መኖሪያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብረን ስንሠራ ዘመናችንን ጨርሰናል፤ ቤታችንም ጎን ለጎን ነው፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ስለዚህ የምትወደውንም፣ ችላ የምትኖረውንም አውቃለሁ። ችላ የኖረችው የባሏን ሙዚቃ ነበር።

ባሏ አህቲ ቀን ቀን እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ከሥራ ሲመለስ ዮኤንሱ ከተማ ለሚታተም አንድ አነስተኛ የሙዚቃ መጽሔት የአልበም ሂስ ይጽፋል። የሚጽፈው ስለ ፓወር ሜታል ብቻ ነው፤ ከበሮው የሚጋልብበት፣ ሁለት ጊታሮች የሚሽቀዳደሙበት፣ ዘፋኙ ድምፁን ሰማይ ድረስ ሰቅሎ ስለ ሰይፍ፣ ስለ ዘንዶ፣ ስለ በረዶ ተራራ የሚዘፍንበት ሙዚቃ ነው። እኛ ካሬሊያ ውስጥ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኑርሜስ ከተማ የጥርስ ሐኪምም ጥርስ እየነቀለ ይሰማዋል። አህቲን ልዩ ያደረገው አጻጻፉ ነበር። አልበምን በጅምላ አይገመግምም። የመጀመሪያውን ዘፈን ለብቻው፣ ሁለተኛውን ለብቻው፣ እንዲያ እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል።

“አልበም የቤተሰብ ፎቶ ነው” ይል ነበር። “ጠቅልለሽ ‘ቆንጆ ቤተሰብ’ ካልሽ ማንንም አላየሽም ማለት ነው።”

በዚህ ምክንያት መልኩን አይተው የማያውቁ ሰዎች ስሙን ያውቁት ነበር። አንዴ አንድ ጊታር ተጫዋች “አራተኛውን ዘፈኔን ለምን ሰደብከው” ብሎ ሊጣላው ከሩቅ ከተማ ድረስ መኪና ነድቶ መጣ። ሲጨቃጨቁ መሸ፤ በኋላ የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና ገብተው አብረው ታጠቡና ተቃቅፈው ተለያዩ።

ከዚያ የአህቲ ጆሮ ደከመ። በመጀመሪያ ግራው ሄደ። እሱ በመጋዙ አመካኘ፤ ሐኪሙ ግን መጋዙ ብቻ አይደለም አለው። ሐይቁ በረዶ በሠራበት ሰሞን ቀኙም ተከተለ። ኩኦፒዮ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከጆሮው ጀርባ መሣሪያ ተተከለለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ፊቱን እያየ የሚያናግረውን ሰው መስማት ቻለ። ሙዚቃ ግን አልተመለሰለትም። አንድ ቀን ከሁሉም አብልጦ የሚወደውን አልበም ከፈተና ትንሽ አዳምጦ አጠፋው።

“ድመቶች ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚጣሉ ነው የሚመስለው” አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም። ቤቱ ጭር አለ።

መጋቢት ላይ ከመጽሔቱ ጥቅል መጣ። ውስጡ ራውታሃላ የሚባለው፣ ለብዙ ዓመት ጠፍቶ የቆየው ባንድ አሁን ያወጣው አዲስ አልበም ነበር። አህቲ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድም የራውታሃላ አልበም ሳይገመግም አላለፈም። ዘፋኙ ኢልፖ የእሱ እኩያ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሚርቫ የጆሮውን ነገር አታውቅም። እሱ “ጉንፋን ይዞኝ ነው” እያለ ሲያሳልፍ ስለከረመ፣ እሷ ገጹን ባዶ አድርጋ እየጠበቀችው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሄልካ ከገበያ ስትመለስ አህቲ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። የአልበሙ ሽፋን ስኳር ዕቃው ላይ ተደግፏል። ጽሑፉ አልቋል። አንስታ አነበበችው፤ ከአንደኛው ዘፈን እስከ ዘጠነኛው ተሟልቷል።

“መቼ ሰማኸው?” አለችው ፊቱ ቆማ።

“መስማት አያስፈልገኝም። ኢልፖን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው በመዘምራን ድምፅ ይከፈታል። ሁለተኛው ይሮጣል። ስድስተኛው ቀስ ያለው ነው፤ ስኳር ይበዛበታል፤ ግን መጨረሻው ላይ ድምፁን ያወጣውና ሁሉን ያስረሳል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።”

“እንግዲህ ሳትቀምስ ነው ጨው አነሰው የምትለው።”

“የሚሠራውን ሰው ካወቅሽ ወጡን ታውቂዋለሽ።”

“እኔንስ ታውቀኛለህ አይደል? ትናንት የዓሣው ሾርባ ውስጥ ያደረግኩት ክሬም ነው ወተት?”

አህቲ አሰበ። “ክሬም” አለ።

“ወተት ነው። ክሬም አልቆብን ነበር። ሁለት ሳህን ጠጥተህ አመስግነኸኛል።”

ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችው። “እኔ እሰማልሃለሁ” አለች።

“አንቺ?” አህቲ ሳቀ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። “አንቺ ሴትዮ፣ ሳጫውት በሩን ዘግተሽ አይደል ስትኖሪ የነበረው?”

“ጆሮ አለኝ። ካንተ የተሻለ።”

ይሄ ቃል ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች፤ እሷ ናት ኋላ የነገረችኝ። እሱ ግን ይባስ ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ተቀመጡ። ሄልካ የሱ ወንበር ላይ ሆና የሱፍ ካልሲ ትሠራለች፤ እሱ እርሳስ ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፊቷን ያያል። አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር ታቆመውና ትነግረዋለች።

“እሺ፣ የመጀመሪያው?”

“ብዙ ሰዎች ‘ኦ’ ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉ ይመስላል። ከዛ በሩ ይሰበርና ፈረሶች ይገባሉ።”

“ፈረሶቹ እንዴት ናቸው? በእግር የሚመታው ከበሮ ሳያቋርጥ ነው የሚሄደው ወይስ ሦስት ሦስት እያለ?”

መልሳ አጫወተችው። “ሦስት ሦስት ነው” አለች፣ በሹራብ መርፌዋ ጉልበቷን እየመታች።

አህቲ ያንን አልጠበቀም ነበር። ጻፈው። ሁለተኛው እንዳለው ይሮጣል። “ጊታሮቹ ግን እንደ እህትማማች ናቸው፤ አንዷ የተናገረችውን ሌላዋ ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች፣ የሷ የተሻለ ሐሳብ ይመስል” አለችው፤ ይሄንንም ቃል በቃል ጻፈው።

ሦስተኛው የዘንዶ ነበር።

“ይገድሉታል?” አላት።

“የለም። ያረጀ ዘንዶ ነው። ሊገድሉት ሄደው ዋሻው ውስጥ ትተውት ይመለሳሉ። እኔ አዘንኩለት።”

አራተኛውን አልወደደችውም። “መጥፎ ነው” ብላ ዘጋችው።

“ምኑ?”

“እኔ እንጃ።”

“‘እኔ እንጃ’ ተብሎ አይጻፍም፣ ሄልካ።”

“እሺ። ወንድምህን ነው የሚመስለው። ኮቱን ለብሶ፣ ቻው ብሎ፣ ከዚያ በሩን ይዞ አንድ ሰዓት ያወራል። ዘፈኑ አለቀ ስትል ይጀምራል፣ አለቀ ስትል ይጀምራል።”

አህቲ እየሳቀ ጻፈ። አምስተኛው ላይ ግን ተጣሉ። ሄልካ መሃሉ ላይ ታንጎ አለ አለች።

“ፓወር ሜታል ውስጥ ታንጎ የለም።”

“አለ እያልኩህ።”

“የሚናፍቅሽን ነው የሰማሽው።”

ሄልካ ካልሲውን አስቀምጣ ተነሣች። ሙዚቃውን ወደዚያው ቦታ መለሰችውና ምንጣፉ ላይ ብቻዋን፣ ክንዷን ሰው እንዳቀፈች ዘርግታ ጨፈረችው። አህቲ እግሯን ያያል። ያንን እግር ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቀዋል። “ድገሚው” አላት። ደገመችው። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ ከእግሯ ጋር ቆጠረ።

“ታንጎ ነው” አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን እየነቀነቀ። “እነዚህ ሰዎች አብደዋል።”

ከዚያ ስድስተኛው መጣ። መሃሉ ላይ ሲደርስ የሄልካ እጅ ቆመ። ዘፈኑ አለቀ። ሳይጠይቃት መልሳ አጫወተችው።

“ምን ሆንሽ?”

“ቆይ።” እስኪያልቅ ጠበቀች። “ሰውየው ወደ ላይ ይወጣል። አንተ የምትላትን ድምፅ ሊያወጣ ይሄዳል። ግን አይደርስም። ትሰበርበታለች።”

“ኢልፖ? የኢልፖ ድምፅ አይሰበርም።”

“ተሰበረ።”

“ሲዲው ተጭሮ ይሆናል።”

“ሲዲው አይደለም፣ አህቲ። ሰው ነው። ተሰበረችበት፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዛ ዝቅ አድርጎ ጨረሰው።” ካልሲውን ጭኗ ላይ አደረገችው። “ይሄንን በማሽን ማስተካከል አይቻልም?”

“ዛሬ? በአንድ ጣት።”

“እንግዲህ አልፈለጉም ማለት ነው።”

አህቲ እርሳሱን አስቀመጠ። ቦት ጫማውን አጠለቀና አካፋ ይዞ ወጣ። እኔ በመስኮት አየሁት፤ አዲስ በረዶ አልጣለም፤ እሱ ግን የተጠረገውን መንገድ ይጠርጋል። ወጥቼ “ምኑን ነው የምትጠርገው?” ብለው ቀና አላለም። አልሰማኝ ይሆናል፤ ሰምቶም ይሆናል።

ሄልካ ሰባተኛውን ሳታጫውት ተቀምጣ ጠበቀችው። “የኢልፖ ድምፅ መድከሙን እንዲነግረው ሌላ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር” አለችኝ በኋላ። “ጆሮውን ካጣ በኋላ ደግሞ ይህቺን ልውሰድበት? ዝም ብዬ ‘እንዳልከው ነው’ ብለው ማን ያውቃል?”

አህቲ ጢሙ ላይ በረዶ ይዞ ተመለሰ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ድምፅ ማጉያው ፊት ተንበረከከና ሁለት መዳፉን ለጠፈበት።

“አጫውቺው። እዛ ቦታ ሲደርስ ንገሪኝ።”

ከኋላው ቆማ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። ኢልፖ ሲወጣ ቀስ እያለች ጫነችው፤ ድምፁ ሲሰበር እጇን አነሣች።

“እዚህ ጋ?”

“እዚህ ጋ።”

“እሱን አላገኘሁትም” አለ አህቲ። “ባስ ጊታሩን ነው ያገኘሁት። እስከዛ ድረስ ሲመታ ነበር፤ እዛ ላይ ተወ። ከበሮውም ተወ። ሁሉም ቆሙ።”

ሄልካ የዘፋኙን ድምፅ ብቻ ስታዳምጥ ይሄ አምልጧት ነበር። መልሳ አዳመጠችው። እውነቱን ነው። ባንዱ በሙሉ እጁን ሰብስቦ፣ ሰውየው ትንፋሹን እስኪመልስ ይጠብቀዋል። ዝቅ ብሎ ሲጀምር ያኔ አብረውት ይገባሉ።

“ይጠብቁታል” አለችው።

“ይጠብቁታል” አለ አህቲም። ካፖርቱን አውልቆ እርሳሱን አነሣ።

የቀሩትን ሦስት ዘፈኖች እራት በልተው ጨረሱ። በመጀመሪያው ጽሑፍ የሳውናውን ምድጃ አቀጣጠሉ። አዲሱ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ “ይህን አልበም አልሰማሁትም። ጆሮዬ ሙዚቃ አይለይም። ባለቤቴ ሰማችልኝ፤ እኔ ጠየቅኳት። በሁለት ቦታ ተጣልተናል፤ ሁለቱንም እሷ ረታችኝ።”

“ስሜን አውጣው” አለችው ሄልካ። “ሥራ ቦታ መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?”

እውነትም ሳቅንባት። አንሶላ ስናጥፍ “ፈረሶቹ ገቡ ወይ?” እያልን አንድ ሳምንት አስለቀስናት። እሷም “እናንተ ደግሞ እህትማማቾቹ ጊታሮች ናችሁ” ብላ አፋችንን አዘጋችን።

ሚርቫ ጽሑፉ ሲደርሳት ደወለች። አህቲ ስልክ ስለማይሰማ ያነሣችው ሄልካ ናት።

“እውነት ነው?” አለች ሚርቫ።

“እውነት ነው።”

“ለምን አልነገረኝም? ይሄን ሁሉ ጊዜ ጉንፋን?”

“የካሬሊያ ሰው ወሬ አያልቅበትም” አለቻት ሄልካ። “የራሱ ጉዳይ ካልሆነ።”

ጽሑፉ በሁለቱም ስም ወጣ። አንድ አንባቢ “የካልሲ ሠሪዎች አስተያየት እዚህ ምን ይሠራል” ብሎ ጻፈ፤ አህቲ ያንን ገጽ ቆርጦ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈው። አብዛኞቹ ግን ሌላም እንዲጽፉ ጠየቁ። በአምስተኛው ዘፈን ውስጥ ያለውን ታንጎ እስካሁን ማንም ተቺ አልጻፈውም ነበርና፣ ከበሮ መቺው ራሱ “በመጨረሻ አንድ ሰው ሰማኝ” ብሎ መልእክት ላከ።

በጋ ላይ ራውታሃላ ዮኤንሱ መጣ። ባልና ሚስቱ ሄዱ። አህቲ ከመድረኩ ሥር፣ ባሱ ደረትን በሚመታበት ቦታ ቆሞ፣ ሄልካ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ አመሹ። ሲያልቅ ኢልፖን ከመድረኩ ጀርባ አገኙት፤ ወዝቶ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ እንደ ማንኛውም የደከመ ሰው ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሄልካ “ፊቱን እያየህ አናግረው” አለችው።

ኢልፖ ወንበር ጎትቶ አህቲን ፊት ለፊት አስቀመጠው። “ስድስተኛውን የቀረጸው ልጅ ሊያስተካክለው ነበር” አለ ቀስ ብሎ። “ተወው አልኩት። ከዛ ግን አልበሙ እስኪወጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ያንተን ሂስ ነበር የፈራሁት።”

“የኔን አይደለም የምትፈራው፣ የሷን ነው” አለ አህቲ፣ ሄልካን በአገጩ እያሳየ። ከዚያ ጎንበስ አለ። “ስድስተኛው ከሠራችሁት ሁሉ ይበልጣል። አራተኛው ግን መጥፎ ነው።”

“አውቃለሁ” አለ ኢልፖ። “የሚስቴ ወንድም ነው የጻፈው።”

ከዚያ ወዲህ አብረው መጻፍ ቀጥለዋል። ሄልካ የምትመርጠው አላት፤ ዘፋኙ እንደ ድብ የሚያጉረመርምበትን ዓይነት “አልሰማም፣ ሌላ ሚስት ፈልግ” ብላ መልሳለታለች። የአህቲ ጆሮ በልምምድ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ከበሮው ከበሮ መምሰል ጀምሯል ይላል፤ ጊታሩ ግን ገና ድመት ነው። በዚህ ሳምንት ለአልበም በሚሰጡት ነጥብ ተጣልተዋል። እሱ አንዱን አልበም ከአሥር ለሰባት ያበቃዋል፤ እሷ ከስድስት አልወጣም ብላለች፣ ምክንያቱም ስምንተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ የሚያለቅሰው ለታይታ ነው። ሚርቫ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ሄልካ “ይጠብቁ” ብላ ስልኩን ዘግታ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።